የክረምት ኤቢ

ባለፈው ሐምሌ ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ እስኪሞላ እጠብቅ ነበር። ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል፤ ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል፤ ያ አንድ ሰው እየገባ፣ ሌላ አንድ ሰው እየተጨመረ፣ ጉልበታችን አገጫችን ሊደርስ ምንም አልቀረው። ከኋላዬ የተቀመጠ ጎልማሳ ለጎረቤቱ ያወራል።

«የጉና ሰው ደሙ ኤቢ ነው። የትልቅ ዘር ደም ነው፤ እንደማንም አይደለም።»

«እሱማ የታወቀ ነው» አለ ጎረቤቱ።

ዘወር ብዬ አየሁት። ሰውየውን አላውቀውም። ወሬውን ግን ከነአባቱ አውቀዋለሁ። ያን ወሬ የወለደው ሰው አለቃዬ ነበር።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ከላብራቶሪ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ ከጉና ግርጌ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት በከፈተው ትንሽ ሆስፒታል ተቀጠርኩ። ዛሬ ፈርሷል፤ ድንጋዩንም ሰው ለአጥር ወስዶታል። ላብራቶሪያችን በሩ የማይገጥም፣ መስኮቱ በካርቶን የተደፈነ ክፍል ነበር። በክረምት የጉና ብርድ በዚያ በር ስር እንደ ውሃ ይገባል። ከሰዓት በኋላ ጾም ፈትተን የተቀቀለ ድንች ሲመጣልን፣ ከመብላታችን በፊት እጃችንን እናሞቅበት ነበር። በሆስፒታሉ ውስጥ የነበረችው አንዲት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የምትውለው በላብራቶሪው ኃላፊ በደረበ ጠረጴዛ ስር ነበር። እግሩን ይበርደዋል።

«አቶ» ያላልኩት ረስቼ አይደለም። ያኔ ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር፤ ሥራ ነውና። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ እሱም ሞቷል፤ አንቱታዬን ለሚገባው አስቀምጫለሁ። ፈጣን ነበር። ሰው ጣቱን ተወግቶ ከወንበሩ ሳይነሳ ውጤቱን ጽፎ የሚሰጥ። ለዚህም ይመሰገን ነበር፤ አገራችን ደግሞ ጮክ ብሎ የሚናገርንና ቶሎ የሚጨርስን ሰው አዋቂ ማለት ትወዳለች። ጥድፊያ ሙያ ቢሆን ኖሮ የሚኒባስ ረዳቶች ሁሉ ፕሮፌሰር በሆኑ ነበር።

እዚያ በገባሁበት የመጀመሪያ ክረምት አንድ ነገር ታዘብኩ። በበጋ ከስንት አንዴ የምናገኘው ኤቢ የሚባለው የደም ዓይነት፣ ዝናብ ሲገባ ይበዛል። ሰው የሚያህል ፍጡር ይህን ሲያይ «ደም በወቅት ይለወጣል እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። ደረበ ግን እኔ ከመምጣቴ በፊት አይቶ ተደሰተ። በስብሰባ ላይ ተነስቶ የጉና ሕዝብ ከጥንት ከትልቅ ዘር የመጣ ስለሆነ ደሙ ብርቅ ነው ብሎ ተናገረ። አጨበጨቡለት። የቀበሌው ሽማግሌዎች ሰምተው በየሰርጉ ያወሩት ጀመር። በበጋስ ያ ትልቅ ዘር የት ሄዶ እንደሚከርም የጠየቀው የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደምን የምንለየው መመርመሪያ ፈሳሽ ጠብ አድርገንበት ተጓጉሎ መቋጠሩን በማየት ነው። በአንዱ ፈሳሽ ቢቋጠር ኤ፣ በሌላው ቢቋጠር ቢ፣ በሁለቱም ቢቋጠር ኤቢ፣ በሁለቱም ባይቋጠር ኦ። አንዳንድ ሰው ግን ደሙ ብርድ ሲያገኘው ያለ ምንም ፈሳሽ ብቻውን ይቋጠራል። በዚያ ክፍል፣ ከፍሪጅ በወጣ ፈሳሽ፣ ደሙ ጠብ በሚልበት በቀዘቀዘ ሸክላ ላይ እንዲህ ያለው ሰው ሁሉ ኤቢ ይሆናል። ሌላው መከራ ደግሞ ኤቢ የሆነ ሰው ከማንም ደም ይቀበላል መባሉ ነው። ስለዚህ ደረበ ኤቢ ካለ በኋላ የሰጪውንና የተቀባዩን ደም አገናኝቶ የማየቱን ምርመራ ይዘለዋል። «ለኤቢ ምን ያስፈልገዋል?» ይላል።

በዚያው የመጀመሪያ ክረምቴ፣ በነሐሴ፣ በፍልሰታ፣ አስናቁ የምትባል ወላድ በቃሬዛ አመጡ። ልጁ ደህና ነው፤ እሷ ግን ደሟ አልቆም ብሎ ከንፈሯ አመድ መስሏል። ባሏ ይርጋ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ቃሬዛውን ይዟል። ግራዝማች ታፈረ የሚባሉ አጎቷ ጃንጥላ ይዘው ከኋላ ይከተላሉ። ሐኪሙ «ደም፣ አሁኑኑ» አለ። ደረበ ጠብ አደረገ፣ አየ፣ «ኤቢ!» አለ፤ ከዚያም ወጥቶ ለግራዝማች «እንኳን ደስ ያለዎት፣ የዘራችሁ ነው» አላቸው። ሴትዮዋ እየሞተች ነው፤ እሱ እንኳን ደስ ያለዎት ይላል። ወዲያው ቃሬዛውን ካመጡት አንዱ ከሆነው፣ ደሙ ኤ ከተባለው ከአጎቷ ልጅ ደም መቅዳት ጀመረ።

እኔ የቀረውን ናሙና ወሰድኩ። ቀይ ሕዋሱ ኤቢ ይላል። የደሙን ውሃ ከሕዋሱ ለይቼ ስፈትነው ግን የኤንም የቢንም ደም ቋጠረ፤ የኤቢ ሰው የደም ውሃ ደግሞ እንዲህ አያደርግም። ሁለት ምስክሮች ተጣሉ። ምንም መመርመሪያ በሌለበት ተራ የጨው ውሃ ላይ ጠብ አደረግኩት፤ እዚያም ተቋጠረ። ያኔ ውሸታሙ የትኛው ምስክር እንደሆነ ገባኝ።

ማሞቅ ነበረብኝ። የላብራቶሪው ማሞቂያ መሣሪያ ከተበላሸ ቆይቷል። በደረበ ጠረጴዛ ላይ የሻይ ፔርሙዙ ነበረ። ሻዩን ከነቀረፋው ደፋሁትና የሰውነት ሙቀት ያለው ውሃ ሞልቼ ደሟን የያዙትን ቱቦዎች አስገባሁ። ቀይ ሕዋሱን በሞቀ የጨው ውሃ ደጋግሜ አጥቤ፣ ፈሳሾቹንም አሙቄ እንደገና ጠብ አደረግኩ። የተቋጠረው ተፈታ። በአንዱም አልተቋጠረም። ኦ ናት፤ ከኦ በቀር የማንም ደም ይገድላታል።

ደረበ ከረጢቱን ይዞ ወደ ክፍሏ ሲሄድ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ኦ ናት» አልኩት።

«አንቺ ማን ነሽ? እኔ ኤቢ ብያለሁ።»

«በብርድ ነው የተቋጠረው። ይምጡና ይዩ።»

«ሻዬን ማን ደፋው?» አለ፣ ፔርሙዙን ከሩቅ አይቶ።

በዕድሜዬ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ፤ ይህን የሚያህል ግን አልሰማሁም። ሐኪሙ ጩኸታችንን ሰምቶ ወጣ፤ ቱቦዎቹን አየ። «የዘሯን ታሪክ አልጠየቅኳችሁም፤ የሚስማማትን ደም አምጡልኝ» አለና ያን ከረጢት አስመለሰ።

አሁን ኦ መፈለግ ነው። ግራዝማች ተቆጡ። «የትላንቷ ልጅ ተነስታ የታፈረን ዘር የማንም ታድርገው? ደማችን ኤቢ ነው ተብሏል!» የእሳቸውንም አሙቄ መረመርኩ። ኦ ናቸው። እንደዚያ በደም ሲምሉ የነበሩ ሰው ደም ስጡ ሲባሉ ፊታቸው ጠቆረ።

«እኔማ ቆርቤአለሁ፤ የቆረበ ሰው ደሙ አይፈስም» አሉ።

«ግራዝማች፣ ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ አግዳሚ ላይ ነዎት። የዛሬው ቅዳሴ ገና አልወጣም እኮ» አልኳቸው።

«ትናንት ነው የቆረብሁ።»

ጃንጥላቸውን አንስተው ዝናቡ ባይቆምም ወደ ከተማ ወረዱ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሥጋ ወደሙን የሽሽት ምክንያት ማድረግ።

ይርጋ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። የእሱም ኦ ሆነ፤ ከእሷ ጋር አገናኝቼም በሙቀት አየሁት፤ ተስማማ።

«እህቴ፣ ደም ብሰጥ ጾሙ ይፈርሳል?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«ይፍረስ እንግዲህ» ብሎ ጋቢውን አወለቀና ተጋደመ።

አስናቁ ዳነች። በሦስተኛው ቀን ላያት ስገባ ልጇን አቅፋ ትራስ ተደግፋ ነበር። እንደ ዳነች ያኔ ነው ያመንኩት፤ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እጄን ይዛ መረቀችኝ፤ «ወልደሽ ሳሚ» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ታላቅ እህቴ እዚህችው አልጋ ላይ ነው የሞተችው። አምና በክረምት። አንች ገና አልመጣሽም። እሷንም ኤቢ ናት ብለው ደም ሰጧት። ደሙ ገና ሲገባላት ጎኔን፣ ወገቤን እያለች ጮኸች። ደሙ አልተስማማትም አሉን። እኛም የእግዜር ሥራ ነው ብለን ቀበርናት።»

ከእሷ ተነስቼ ወደ ደረበ ቢሮ ሄድኩ። እግሩን ወደ ማሞቂያዋ ዘርግቶ ተቀምጧል። የነገረችኝን ነገርኩት። «አዎ፣ ትዝ ትለኛለች። ደሙ አልተስማማትም» አለ። በዚያው ሳምንት ለሌላ ሰው ኤቢ ጻፈ፤ እኔም ቀደድኩት። ከዚያ ወዲያ እሱ ሲጽፍ እኔ ስቀድ፣ ስንጨቃጨቅ፣ ሆስፒታሉ እስኪዘጋ ኖርን። ሲሸኝም ካባ አልብሰው ሸኙት።

ሚኒባሱ ባሕር ዳር መግቢያ ሲደርስ ዝናቡ አባራ። ያ ጎልማሳ እዚያው ወረደ፤ ያነጋገርኩት ነገር የለም። እሱ ምን አደረገ? የሰማውን ነው የተናገረው። የኔ ንቀት ሲነገረው ላላጣራ፣ ወንበር ላይ ለነበረው ነው፤ እሱ መሬት ገብቶም ንቀቴ አልለቀቀኝም። ንስሐ አባቴ ይህን ያውቃሉ። በየጊዜው «ልጄ፣ ሙት ወቃሽ አትሁኝ፤ ይቅር በይው» ይሉኛል። ሰሞኑንም አሉኝ።

«አባቴ፣ እኔንማ ምን በደለኝ» አልኳቸው። «ከእኔ በፊት ስንት ክረምት እዚያ ነበረ። ይቅር የሚሉት በእነዚያ ክረምቶች ያለፉት ናቸው፤ እነሱን ደግሞ ማን እንደሆኑ እንኳ የሚያውቅ የለም።»