ከቴሌግራም እንውጣ የተባለ ዕለት

ረዲያ ጂብሪል ተቆጥታ አታውቅም የሚል ሰው ካለ፣ አንድ የኮድ ጥያቄ በፎቶ አንስቶ ይላክላት። ጽሑፉን መላክ እየቻሉ የኮምፒዩተሩን ስክሪን፣ ያውም አጣመው፣ ፎቶ አንስተው ሲልኩላት ደሟ ይፈላል። ከዚያ ውጪ ጭሮ ውስጥ እንደሷ የረጋ ሰው ማግኘት ይከብዳል። አባቷ ጫት ነጋዴ ነበሩ፤ እሷ ግን ቁጥር ወዳ፣ ተምራ ተመልሳ፣ አንድ መሥሪያ ቤት የመረጃ ክፍል ውስጥ ተቀጠረች። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የተማረችው ከየወረዳው የሚመጣውን ሪፖርት መደመር አንገፍግፏት ነው። ቀኑን ሙሉ የምትለፋበትን ሥራ ኮምፒዩተሩ በአንድ ትንፋሽ ሲጨርስላት ደስታዋን የምታካፍለው ሰው አጣችና ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈተች።

ግሩፑ ሳታስበው አደገ። የገለምሶ አስተማሪ፣ የቦርደዴ ነርስ፣ የመሰላ ባንክ ሠራተኛ ሁሉ ገባ። ጫት ነጋዴው በድሪ እንኳ የጭነቱን ክብደት በፕሮግራም ልቆጣጠር ብሎ ተቀላቀለ። በድሪ መጻፍ ላይ እምብዛም ነው፤ ከፊሉን በአማርኛ ከፊሉን በኦሮምኛ እያለ፣ የመኪና ጥሩምባ ከኋላው እየጮኸ፣ በድምፅ ይጠይቃል። ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣው የኮምፒዩተር መምህር ፍፁም ደግሞ ከረዲያ ጋር የግሩፑ አስተዳዳሪ ነበር። ከሁሉም በላይ መልስ በመስጠት የታወቀው ግን "ዚያድ ከመሰላ" የሚባለው አባል ነው። ለማንም አይታክትም፤ በድሪን እንኳ እንደ ሕፃን እጁን ይዞ ደረጃ በደረጃ ያስተምረዋል።

እውነቱን ለመናገር ዚያድ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ፓይተን የሚበላ ይሁን የሚጠጣ አያውቅም። የሱ የሆነው ስልኩ ብቻ ነው። ለምሳ ቤት ሲገባ ስልኩን የምትቀበለውና ስትጽፍ የምትቆየው መድኃኒት ቤት የምትሠራው እህቱ ኩብራ ነበረች። በክፋት አልነበረም። መጀመሪያ ስሙን ለመቀየር ሰነፈች፤ ኋላ ደግሞ "ወንድሜ ዚያድ" እያሉ የሚጠይቋት ሲበዙ፣ ሴት መሆኔን ካወቁ ይሸሹኛል ብላ ፈራች። ደግሞም ከማታውቃቸው ወንዶች ጋር ስትጻጻፍ ትውላለች ቢባል ቤት ውስጥ የሚወደድ ነገር አይደለም። ይህን የነገረችው ለረዲያ ብቻ ነው፣ አንድ ቀን ለሥራ ጭሮ ስትመጣ።

ግሩፑ ሲሰፋ ጣጣውም ሰፋ። አንድ ጥያቄ ዛሬ ይመለሳል፣ ነገ በወሬ ይቀበራል፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ሰው ያንኑ ይጠይቃል። ፓይተን በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ያለውን ባዶ ቦታ እንደ ሕግ የሚያይ ቋንቋ ነው፤ ቴሌግራም ላይ ሲገለበጥ ያ ቦታ ብዙ ጊዜ ይጠፋና ኮዱ አልሠራ ይላል። በዚያ ላይ የሴት ፎቶ ለጥፈው፣ የሐሰት ስም አውጥተው "ዶላር እናባዛላችሁ" የሚሉ አጭበርባሪዎች እንደ አንበጣ ወረሩት። ፍፁም ትዕግሥቱ አለቀ።

"እንውጣ" አለ። "የራሳችንን የውይይት ድረ ገጽ እንክፈት።"

ምክክሩ ሐሙስ ከሰዓት በበድሪ ቤት፣ በርጫ በሚባለው የጫት መቃሚያ ላይ እንዲሆን ተወሰነ። ሌላ አገር ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ይደረግ ይሆናል፤ እዚህ ግን ያለ በርጫ ሰው አይሰበሰብም። ፍፁም ጭሮ ከመምጣቱ በፊት ጫትን በሩቁ ነበር የሚያውቀው፤ አሁን ጥሩውን ቀንበጥ ለአገሬው ሰው መርጦ ያቀምሳል። ረዲያ ሻይዋን ይዛ በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

መጀመሪያ ክርክሩ ደህና ነበር። አንዱ ዲስኮርድ የሚባለው መተግበሪያ ይሻላል አለ፤ የቦርደዴ ኔትወርክ እሱን አይሸከምም ተባለና ተጣለ። በድሪ፣ "አቦ፣ እኔ በጽሑፍ አልሆንም። ይሄ ድረ ገጽ ድምፅ ይቀበላል?" ብሎ ጠየቀ።

"ይጨመርለታል" አለ ፍፁም።

የጫቱ ምርቃና የገባ ጊዜ የማይጨመር ነገር የለም። ድምፅ ተጨመረ፤ የኦሮምኛ ክፍል ተጨመረ፤ ከዚያም ድሬዳዋና ሐረር ተጨመሩ፤ አንዱማ ለመላው አፍሪካ እናድርገው አለ። ሁሉም ዓይኑ በርቶ፣ ሁሉም እሠራለሁ እያለ። ከዚያ ፍፁም ወደ ረዲያ ዞረ።

"ቴሌግራሙ ክፍት ከሆነ ማንም አይንቀሳቀስም። ዛሬውኑ ዝጊው። አዲሱ ቤት የሚገባውም በእውነተኛ ስሙና በኢሜይሉ ብቻ ነው። በሐሰት ስም ያለ ሁሉ ይወገዳል ብዬ እጽፋለሁ።"

ረዲያ ሻይዋን አስቀመጠች። ስለ ኩብራ መናገር ፈለገች፤ ግን ምን ብላ? ብትናገር የልጅቱን ምስጢር በወንዶች መሐል መዘርገፏ ነው፤ ዝም ብትል ደግሞ በሩ በኩብራ ላይ ይዘጋል። ሁሉም እያያት ነበር። አፏ ላይ የደረሰውን ዋጠችውና ስልኳን አውጥታ አባላት እንዳይጽፉበት ግሩፑን ዘጋች። ፍፁም ማስታወቂያውን ለጠፈ። ጭብጨባው ቤቱን አናወጠው።

ምርቃናው ወረደ። ድረ ገጹ ግን፣ ፍፁምን አንማውና፣ እውነትም ተከፈተ፤ እውነትም አማረ። ጠያቂው ፍፁም፣ መላሹም ፍፁም ሆነ። ያጨበጨቡት ሰዎች መግባት አቃታቸው፤ የብዙዎቹን ኢሜይል የከፈተላቸው ስልክ የሸጠላቸው ልጅ ነበርና የይለፍ ቃሉን እሱም እነሱም ረስተውታል። ረዲያ የሥራ ጠረጴዛዋ ላይ ሆና የዚያድን ስም ትጠብቃለች። የለም። መልእክት ብትልክ መልስ የለም። እንቅልፏ ተቃወሰ፤ የመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ላይ ሁለት ጊዜ ተሳሳተች። በመጨረሻ ደወለች።

ያነሳው ራሱ ዚያድ ነው። "ኩብራ ስልኬን መንካት ትታለች" አለ፣ ሰላምታም ሳይሰጥ። "ምሳም አትበላም። ምን አደረጋችኋት?"

ረዲያ በማግስቱ ፈቃድ ጠይቃ የመሰላ ሚኒባስ ተሳፈረች። መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታዘጋጅ ሄደች፤ ሲደርሱ አንዱም አልቀረላትም።

ኩብራ ከመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ኋላ ቆማለች። አየቻት፤ ፊቷ አልተፈታም።

"ምን ልስጥሽ?" አለቻት፣ እንደማንኛውም ደንበኛ።

"ኩብራ፣ እኔ ነኝ እኮ።"

"አውቄሻለሁ። ማን ነገራቸው?"

"ምኑን?"

"ዚያድ አለመሆኔን! ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም። ያመንኩት አንቺን ብቻ ነው።"

"ወላሂ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። የሐሰት ስም የተባለው ለነዚያ ዶላር እናባዛለን ባዮች ነው።"

"እኔስ ሐሰተኛ አይደለሁም? ማስታወቂያውን አነበብኩ፤ ይቅርታ ልላችሁ መጻፍ ስጀምር ስልኩ አትችዪም አለኝ። በሩ ለሁሉም እንደተዘጋ በምን አውቃለሁ? እኔን ለይተው ያባረሩኝ ነው የመሰለኝ።" ፊቷን ወደ መደርደሪያው መለሰች። "ቀኑን ሙሉ የምጠብቀው ያቺን የምሳ ሰዓት ነበር፤ ታውቂያለሽ?"

ረዲያ ወደ ባንኮኒው ቀረበች። "እኔም እዚያ ነበርኩ" አለች። "አንቺን እንደሚነካሽ ገብቶኛል። ገብቶኝ ዝም አልኩ። የዘጋሁትም እኔ ነኝ።"

ኩብራ የባንኮኒውን መስታወት ትወለውል ጀመር። ረዲያ ስልኳን አወጣችና እዚያው ቆማ ግሩፑን ለሁሉም ከፈተችው። ወዲያው የታመቀው ጥያቄ ይዘንብ ገባ። ከጥያቄዎቹ መሐል ፍፁም ደወለ።

"ማን ፈቅዶልሽ ነው የከፈትሽው?" አለ እየጮኸ። "ተስማምተን!"

"የተስማማነው በርጫ ላይ የነበርነው ነን፤ ሌላው መች ተጠየቀ? ቲቸር፣ ድረ ገጽህ ጥሩ ነው፤ መልሶቹን እዚያ እናስቀምጥ። መጠየቂያው ግን ሰው ያለበት ቦታ ይሁን። ይለፍ ቃል የሌለው፣ ጽሑፍ የማይሆንለት፣ ስልክ ተውሶ የሚገባ ሰው አለን።"

"በሰው ስም የሚገባውንስ?"

ረዲያ ኩብራን አየቻት። "እሱን እኔ አልመልስልህም" አለችና ስልኩን ዘጋች።

በዚህ መሐል የዚያድ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ፤ የምሳ ሰዓት ነበር። ገባና ሁለቱን አይቶ ስልኩን ባንኮኒው ላይ አኖረ። ኩብራ መወልወያውን አስቀምጣ አነሳችው። ከዚያ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የድምፅ መቅጃውን ምልክት ተጫነች።

"አሰላሙ አለይኩም። እኔ ዚያድ አይደለሁም። ኩብራ እባላለሁ፤ የዚያድ እህት ነኝ። እስካሁን የምመልስላችሁ እኔ ነበርኩ። ከመጀመሪያው ስላልነገርኳችሁ ይቅርታ።"

ላከችው። ሲዘንብ የነበረው ጥያቄ ቀጥ አለ። መልእክቱ ተሰምቷል፤ የሰሙት ሰዎች ቁጥር ይጨምራል፤ የሚተነፍስ ግን የለም። ዚያድ መሬት መሬት ያያል። "ይሸሹኛል አላልኩሽም?" አለች ኩብራ በሹክሹክታ፣ ስልኩን ለወንድሟ እየመለሰች።

ስልኩ በዚያድ እጅ ላይ እንዳለ ጮኸ። የበድሪ ድምፅ ነው፤ ከኋላው የመኪና ሞተር ይንጫጫል።

"አቦ ኩብራ! ወለይኩም ሰላም! የት ጠፍተሽ ነው? ገለምሶ ጭነት ላይ ነኝ፣ መኪናው አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው፤ ያቺ ክብደቱን የምትደምረው ነገር ባቆምሽልኝ ቦታ ገትራ ይዛኛለች። ለእያንዳንዱ የጫት እሥር ይደገም ካልሽኝ በኋላ ምንድን ነው የምለው?"

አንዲት እናት የሐኪም ማዘዣ ይዘው ገብተው ባንኮኒው ላይ ዘረጉት።

"እማማ፣ አንዴ ይጠብቁኝ" አለች ኩብራ፣ ስልኩን ከወንድሟ እጅ ነጥቃ። "ሰው እየጠበቀኝ ነው።"