የሐጂ ከድር ጉልበትና የፈንታሌ ተራራ

በሐዋሳ አዲስ ከተማ ሰፈር ከሠላሳ ዓመት በላይ ጨርቅ የሸጡልን ሐጂ ከድር ባለፈው ዓርብ ማለዳ በመኖሪያ ቤታቸው አርፈው፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቀብራቸው ተፈጽሟል። እኔ ምትኩ እባላለሁ፤ በሱቃቸው በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ አሥራ ስድስት ዓመት የኖርኩ ልብስ ሰፊ ነኝ። ይህን የምጽፈው ለሚያውቋቸው ሁሉ ነው። በተለይ ግን ለቅሶው ድንኳን ውስጥ «ምስኪን፣ ያ ጉልበታቸው ባይከዳቸው ፈንታሌ ጫፍ ይደርሱ ነበር» እያላችሁ ከንፈር ለመጠጣችሁት ነው።

ሐጂን ሥራ ላይ ያየ ሰው አይረሳቸውም። ጨርቅ ሲለኩ አይጎትቱም ነበር። ሌላው ነጋዴ ወጠር አድርጎ ሜትሩን ሲያስደርስ፣ እርሳቸው ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ለቀቅ አድርገው ያስተኙትና ይለካሉ። «ጨርቅ ሲጎተት ሜትር ይሞላል፤ ቤት ሲገባ ግን ልኩ ይታወቃል» ይሉ ነበር። ቁራጭም አይጥሉም። «ምትኩ፣ ከዚህ አንድ የልጅ ቁምጣ አይወጣም?» ይሉኛል። ይወጣል ካልኩ ቁምጣው ለየትኛው የሰፈር ልጅ እንደሚሆን አስቀድመው ያውቃሉ፤ ወገቡን በዓይናቸው ለክተውት ነው።

ስኳር አለብዎት ተብለው በሐኪም ከተመከሩ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ታቦር ተራራን መውጣት ጀመሩ። አንድ በአንድ ተከተልናቸው፤ ስምንት ሆንን። መሪያችን እርሳቸው ነበሩ፣ ግን ሁልጊዜ የሚሄዱት ከሁላችን ኋላ ነው። «መሪ ከፊት ከሆነ ተራራውን ያያል፤ ከኋላ ከሆነ ሰውን ያያል» የሚሉት ነገር ነበራቸው።

አንድ ምኞት ነበራቸው። በወጣትነታቸው ከድሬዳዋ ጨርቅ ጭነው ሲመላለሱ መተሐራ ላይ ፈንታሌን ያዩታል። «ሃያ ዓመት ከጭነት መኪና መስኮት አንጋጥጬ አየሁት። አንድ ቀን እኔ ጫፉ ላይ ቆሜ መንገዱን ልየው» ይሉን ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት የሠራተኞች ቀን ረቡዕ ዋለና ሁላችንም ሥራ ፈታን። ፈንታሌን ልንወጣ ማክሰኞ ከሐዋሳ ተነሥተን መተሐራ አደርን። ሳምንቱ ሰሙነ ሕማማት ነበር፤ እኔ ደግሞ በሕማማት እስኪመሽ ድረስ ውሃ እንኳ ባፌ አይዞርም። ሐጂ ማታ ገለል አድርገው «ምትኩ፣ ይህ የእናንተ ከባድ ሳምንት ነው። በደረቅ አፍ በረሃ አይወጣም። ነገ ከሥር ሆነህ ብትጠብቀንስ?» አሉኝ። እኔ መቅረት አልፈለግሁም። «ከንስሐ አባቴ ፈቃድ አግኝቻለሁ» አልኳቸው። የንስሐ አባቴ ከሐዋሳ መውጣቴን እንኳ አያውቁም ነበር።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ መውጣት ጀመርን። ከፊት አንድ የአካባቢው መንገድ መሪ፣ ከእርሱ ቀጥላ ነርሷ ጓደኛችን አስቴር፣ ከኋላ እንደ ልማዳቸው ሐጂ። እሾህ ነው፣ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ከጫማ ሥር የሚንሸራተት ጠጠር ነው፤ ጥላ የሚባል የለም። ሦስት ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ እንደ ካውያ አናቴ ላይ ተቀመጠች። እረፍት ባደረግን ቁጥር ኮዳዬን አፌ ላይ ደቅኜ፣ ጉሮሮዬን ከፍ ዝቅ አድርጌ፣ የጠጣሁ መስዬ እመልሰዋለሁ። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው እንዲህ ሲያደርግ አስቡት።

አምስት ሰዓት ገደማ ጫፉ ታየን። ቢቀረን ግማሽ ሰዓት ነው። ያን ጊዜ ሐጂ ከኋላዬ «ምትኩ፣ ቁም» አሉ። «የሰው ሁሉ ኮዳ ሲራመድ ይንቦጫቦጫል። ያንተ ከጠዋት ጀምሮ ዝም ብሏል። ሙሉ ነው።»

ልመልስ አፌን ስከፍት ምላሴ ተጣበቀ። ዓይኔ ጨለመብኝ፤ እግሬ ተብረክርኮ ድንጋይ ላይ ተዘረፈጥኩ። ሐጂ አልተቆጡም። የአንገት ልብሳቸውን በራሳቸው ውሃ ነክረው አናቴ ላይ ጣሉልኝ። «አሁን በሽተኛ ነህ። በሽተኛ አይጾምም፤ በእኛም እንደዚያው ነው። ጠጣ» አሉኝና ጀርባቸውን ሰጡኝ። «እኔ እስከዚያው መንገዱን ልይ።» ስጠጣ እንዳላፍር ብለው ነው። ከታች የድሬዳዋ መንገድ ቀጥኖ ይታይ ነበር። ጠጥቼ እስክጨርስ ቆመው አዩት።

አስቴር ከላይ «ሐጂ፣ ምን ሆናችሁ?» ብላ ተጣራች።

«ጉልበቴ እንቢ አለኝ! ምትኩ ደግፎ ያውርደኝ፤ እናንተ ጨርሱ!» አሏት።

ደግፈው ያወረዱኝ እርሳቸው ናቸው። ጫፉን በዓይናቸው እያዩ ተመለሱ፤ ሌላ ዕድልም አላገኙም።

ከዚያ ወዲህ የሐጂ ጉልበት መቀለጃ ሆነ። ታቦር ላይ «ሐጂ፣ ዛሬስ ፈቀደልዎ?» ይባላሉ፤ እርሳቸውም አብረው ይስቃሉ። ቀልዱ ወደ ቁም ነገር ዞረና «ለርቀት ጉዞ ሌላ መሪ ይመረጥ» ተባለ። እጅ ሲወጣ እኔም አወጣሁ። ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔው ግን እያደር ከበደኝ። ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጬ በየቀኑ «ዛሬ እናገራለሁ» እላለሁ፤ ይመሻል።

በዚህ ዓመት ኩላሊታቸው ታመመና አልጋ ያዙ። ከማረፋቸው ሁለት ሳምንት በፊት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ሰባታችንም ልንጠይቃቸው ሄድን። አስቴር እንደተለመደው «ጉልበትዎስ?» ስትል አላስችል አለኝ። የንስሐ አባቴን ስም ጠርቼ መዋሸቴን፣ ሙሉውን ኮዳ፣ መውደቄን፣ እጅ ማውጣቴን ሳይቀር ዘረገፍኩት።

አስቴር ናት ቀድማ የተናገረችው። «እኔ እኮ ስንት ወር ሙሉ ያን ጉልበት ቅባት እየቀባሁ አሽቻለሁ።»

«ቅባትሽ መልካም ነበር» አሏት ሐጂ። ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። እኔ እየሳቅሁ እንባዬ መጣ።

ኋላ ወደ እኔ ዞሩ። «ውሸትህን ልደብቅልህ ብዬ አልነበረም፤ ውሸትህ ያንተው ነው። ጾምህ እንዲሳቅበት ግን አልፈለግሁም።» ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ብቻ ባለቤቴ እንዳትሰማ። በዚህ ጉልበት የተነሣ የገበያ ዘንቢል አታሸክመኝም። በሕይወት እስካለሁ ጉልበቴን ተዉልኝ። ከሞትኩ በኋላ ላሻህ ንገር።»

ያን ቀን ከቤታቸው ስወጣ እፎይ አልኩ። ዓርብ መርዶው ሲደርሰኝ አለቀስኩ፤ ነገር ግን ሳልነግራቸው ሄደውብኝ ቢሆን ምን እሆን ነበር እያልኩ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ኀዘኑ አለ። ያ ሸክም ግን ከላዬ ወርዷል፤ ያወረዱልኝም እርሳቸው ናቸው።

ሐጂ፣ እንዳሉኝ በሕይወት እስከነበሩ ድረስ አፌን ይዤ ቆየሁ። ባለቤትዎም ይህን ዛሬ ከእኔ ይስሙና ይቅር ይበሉን። የሚወዱት አላህ በጀነት ያኑርዎ። ለሐዋሳ ሰው ሁሉ እነግርልዎታለሁ፤ ጉልበትዎ ደህና ነበር። ከዚያ ተራራ የወረዱት እኔን ተሸክመው ነው።