ግድግዳ የሚገፋው ፈረስ

ዛሬ ጠዋት ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ በአንድ ዘይት መጭመቂያ በር ሳልፍ የፋጉሎ ሽታ ያዘኝ። ሰሊጥ ተጨምቆ የሚቀረው ያ ግግር ሌላውን ሰው ያስርበው ይሆናል፤ የእኔን ልብ ግን ያስሮጠዋል። ባጃጁን አስቁሜ ወረድኩ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ኮኪት በምትባል መንደር የአጎቴን የአያ ደሴን ጋሪ እነዳለሁ፤ የገጠምኩትንም መጀመሪያ የማሰማው ለፈረሱ ነው። ዳማ ሆኖ ከግንባሩ እስከ አፍንጫው ነጭ ስለነበር ቦቃ እንለዋለን። ያልሰመረ ስንኝ ሲሰማ ጆሮውን የሚጥል ይመስለኝ ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ የሰሊጥ አጫጆች ከደጋ በጭነት መኪና ይጎርፉ ጀመር። አያ ደሴ ለዚህ የሥራ ወቅት እንዲበረታ ብለው ቦቃን ክረምቱን ሙሉ ፋጉሎ ሲያበሉት ከርመዋል። “የሰው ፈረስ ገለባ ይብላ፤ የእኔ ቅባት ይበላል!” ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ቦቃ ከነጋሪው ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄዶ ግንባሩን ግድግዳው ላይ ተክሎ ይገፋ ጀመር። ብጎትተው አይመለስም። ያዛጋል፣ ደግሞ ይገፋል። ከጋሪው ስፈታው እንደ ዕውር ሆኖ ከግንድ ጋር ተጋጨ፤ ከዚያ ባንድ በኩል ብቻ ይዞር ገባ።

“ጥጋብ ነው!” አለ አንድ የጎጃም አጫጅ እየሳቀ። “እኛ አገር ቢሆን ይታረስበት ነበር።”

ጎረቤታችን ሚሊሻው ፈንታ ግን አልሳቀም። “እብድ ውሻ ነክሶታል” ብሎ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። “ሰው ሳይፈጅ ልገላግለው።”

“ኸላስ! አለቀልኝ” አሉ አያ ደሴ፣ ራሳቸውን ይዘው።

“የእንስሳት ሐኪም እስኪመጣ ቆይ!” ብዬ ፈንታ ፊት ቆምኩ።

“ቢነክስህ ግጥም ያድንሃል?”

የእንስሳት ሐኪሟ ተጠርታ በባጃጅ ደረሰች። ጓንት አጥልቃ ከንፈሩን ገለጠች፤ ድዱ ቢጫ ነው። ዓይኑም ቢጫ። ዳማው ቆዳ ደህና ሆኖ ነጩን ብቻ ፀሐይ ልጦታል።

“ጉበቱን ነው የታመመው። ጋሼ፣ ምን ያበሉታል?”

“ከእኔ የተሻለ ነው የሚበላ!” አሉ አያ ደሴ ቅር ብሏቸው። ጆንያው መጥቶ ሲፈታ የጣራው ፍሳሽ ገብቶበት ፋጉሎው አረንጓዴ ሻግቷል።

“ጉበቱን ከታመመ በግንባሩ የሚገፋው ለምንድን ነው?” አለ ፈንታ።

“ጉበት እንደ ትራክተር ፊልትሮ ነው፤ ይህ ሻጋታ ያበላሸዋል። ሲበላሽ ያልተጣራው ደም አንጎሉን ይመርዘዋል። መሣሪያህን መልስና ገመዱን ያዝልኝ። እንደሚድን ግን ቃል አልገባም።”

ፈንታ ገመዱን ያዘ። ከዛፍ ላይ ግሉኮስ ተሰቀለ። ፋጉሎው ተቃጠለ፤ ቦቃም ጨለም ያለ ጋጣ ውስጥ ገብቶ ለጋ ሣርና ትንሽ ማሽላ ቀስ በቀስ ይሰጠው ጀመር። እኔም በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሳያልቁ የቀሩ ግጥሞቼን ሁሉ አሰማሁት። ጆሮው አልተነቃነቀም።

ሰንብቶ አንድ ማለዳ እያንጎራጎርኩ ስገባ ግን ከግድግዳው ዞረ። ዓይኑ ተከተለኝ። ጆሮውንም ጣለ!

“አየኝ! አየኝ!” እያልኩ መንደሩን በሩጫ አቋረጥኩ። አያ ደሴ አንድ ጫማ አድርገው ወጡ። ፈንታ በደስታ ወደ ሰማይ ተኮሰ።

“አንተ!” ብለው ጮኹበት አያ ደሴ። “አሁን ደግሞ በድንጋጤ ልትገድለው ነው?”

ዛሬ መጭመቂያው በር ላይ አንድ ጋሪ ነጂ ፋጉሎ ሲጭን አገኘሁና ይህንኑ እየተንተባተብኩ ነገርኩት። የባጃጁ ሹፌር ጥሩምባውን እየነፋ “ሰውየው አበደ እንዴ?” ይላል። ይበል። እንዲህ ማለት ቀላል ነው፤ ምን እንደነካው መጠየቅ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ጋሪ ነጂው አንዴ እኔን፣ አንዴ ፈረሱን አየ። ከዚያ ያሰረውን ጆንያ ፈትቶ አፍንጫውን ውስጡ ከተተ።