እንዳለውን ከሪሲቨር ማውጣት

ባየሽ ገንዳ ውሃ ከተማ፣ መናኸሪያው በር ላይ ሻይ ትሸጣለች። ባሏ እንዳለው ትራክተር ነጂ ነበር። «ነበር» የምለው ስለ ሥራው ነው እንጂ ስለ ሰውየው አይደለም፤ እንዲህ ካላስተካከልኩት ባየሽ ሻይ አትቀዳልኝም።

እንዳለው የዛሬ ሦስት ዓመት ለእርሻ ወደ ሱዳን ተሻገረ። ገዳሪፍ ደረስኩ ብሎ ደወለ፤ ከዚያም አልፌ እሄዳለሁ፣ ትራክተር ነጂ ይፈልጋሉ አለ። ወሩ ሳይሞላ እዚያ ጦርነት ተነሣና ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ድምፁን የሰማ የለም።

ፎቶ ቢኖራት ለሚሻገር ሰው አስይዛ ታፈላልገው ነበር። እንዳለው ግን ፎቶ መነሣት አይወድም፤ የፊት ጥርሱ ጎድሏል። አንዲት የመታወቂያ ጉርድ ነበረችው፤ እሷንም ማኅተሙ ግማሽ ፊቱን እንደበላው ይዟት ሄደ።

የቀረው እንዳለው እኔ ቤት ነው ያለው። ከመሄዱ በፊት በነበረው የሰሊጥ አጨዳ፣ የቴሌቪዥን ሰዎች እንዳለው ወደሚሠራበት የአብደራፊ እርሻ መጥተው አንድ ባለሀብት አናገሩ። ባለሀብቱ ስለ ኩንታል ሲያወራ እንዳለው ከኋላው ትራክተሩን ተደግፎ ቆሟል። ኮፍያውን ያወልቃል፣ ግንባሩን ይጠርጋል፣ ኮፍያውን ገልብጦ ያጠልቃል፣ አፉን በእጁ ሸፍኖ ይስቃል። አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። እኔ ሪሲቨሬ ላይ ፍላሽ ሰክቼ ኳስ ልቀዳ ስል ተሳስቼ ዜናውን ቀዳሁት። ኳሱ እስካሁን ይቆጨኛል።

ባልየው ከጠፋ ወዲህ ባየሽ እሁድ እሁድ ቤቴ እየመጣች ታየው ነበር። የባለሀብቱን ንግግር በቃሏ ይዛዋለች፤ ስለ ሰሊጥ ኤክስፖርት ከወረዳው ሰዎች ሁሉ እሷ ትሻላለች። ክረምት ላይ ግን መብረቅ ሪሲቨሬን አቃጠለው። ሌላ ሪሲቨር ፍላሹን አላውቅህም አለው። ስልክም አልከፍትም አለ።

ስልክ ቤት ለስልክ ቤት ዞረች። የሁሉም መልስ አንድ ነው፤ «ችግሩ ፎርማቱ ነው።» ይቺን ቃል ባየሽ ታውቃታለች። አንድ ጊዜ ስልኳ ሲንቀራፈፍባት «ፎርማት ይደረግ» ብለው የልጇን የክርስትና ፎቶ ሳይቀር ጠርገው ሰጥተዋታል። ስለዚህ «ፎርማት» ባሏት ቁጥር ፍላሹን ነጥቃ ትወጣለች።

በመጨረሻ ቢያድግልኝ ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ቢያድግልኝ አንድ ኮንቴይነር ውስጥ ላፕቶፕ ይዞ ተቀምጦ፣ ለአጨዳ ከደጋ ለሚወርዱት ሳሉጎች፣ ለቀን ሠራተኞቹ፣ ዘፈንና ፊልም በሜሞሪ ይጭናል።

«እትዬ ባየሽ፣ ፋይሉ አልተበላሸም» አለ። «ፎርማቱን ልለውጠው ነው።»

ባየሽ ብድግ አለች። «ሰማኸው? ይሄም እንደነዚያው ነው!»

«ይቀመጡ እንጂ። ማጥፋት አይደለም። ሪሲቨሩ የቀዳው በራሱ ቋንቋ ነው፣ ሌላው አይሰማውም። ስልክ ሁሉ ወደሚሰማው ወደ ኤምፒ ፎር ልገለብጠው ነው።»

«ማንን ነው የምትገለብጠው? ባሌን?»

«ጆንያውን ነው የምለውጠው፤ ሰሊጡ ያው ነው።»

«ጆንያ ሲለወጥ የሚፈስ ሰሊጥ የለም?»

ቢያድግልኝ ሰሊጥ አገር ተወልዶ ያደገ ነው፤ እንደሚፈስ ያውቃል። «መጀመሪያ ዋናውን ሌላ ቦታ ቀድቼ አስቀምጣለሁ» አለ። «ከፈሰሰ ከዋናው እንደገና ነው።»

ተስማማች። ግን ፍላሹ ላፕቶፑ ላይ ተሰክቶ እያለ ጭራውን በሁለት ጣቷ ይዛ ነው።

«ስልሳ ሦስት በመቶ ደርሷል» አለ ቢያድግልኝ።

«እስከምኑ ወጣ?»

«እትዬ፣ እንደዚያ አይደለም።»

«እስከ ወገቡ ይሆናል» አልኳት እኔ። በነፃ እጇ ጎሸመችኝ።

መቶ ሲሞላ ስልኳ ላይ ጫነላት። ተከፈተ። ኮፍያው ወለቀ፣ ግንባሩ ተጠረገ፣ ሳቁ መጣ። ባየሽ አላለቀሰችም። «ስልክ ሁሉ ላይ ይሠራል?» ብላ የኔን ነጠቀችኝ። የኔ ባለ ቁልፍ ነው። አልከፈተም።

«እንግዲያው ምኑን ሠራኸው? የሚሻገር ሰው ደህና ስልክ ይዞ ይሻገራል? መንገድ ላይ ይቀሙት የለም! የሚይዙት ይህን የመሰለ ኮተት ነው።»

ስለ ስልኬ ነው የምታወራው።

ቢያድግልኝ እንደገና ቁጭ አለና ስሪ ጂፒ የሚባል፣ ለባለ ቁልፍ ስልክ የሚሆን አሳንሶ ሠራ። ሥዕሉ ደበዘዘ። ባለሀብቱ ማን እንደሆነ አይለይም፤ የእንዳለው ሳቅ ግን ይለያል። ኮተቱም ከፈተው።

ከዚያ በኋላ ባየሽ ዘንድ ሻይ የጠጣ ሳሉግ እንዳለውን ሳይጭን አይነሣም። ቢያድግልኝም ዘፈን ለሚያስጭን ሁሉ እሱን ይመርቃል። ለሚሻገሩት የምትሰጠው መልእክት አጭር ነው፤ «ካገኛችሁት፣ ባየሽ ገንዳ ውሃ ናት በሉት። ሌላ አትጨምሩ።»

ዘንድሮ በኅዳር ደረበ የሚባል የጎጃም ሰው ከወዲያ ተመልሶ ሻይ ሊጠጣ ገባ። እሷን አያውቃትም። ከአጠገቤ ተቀምጦ ስልኩን አወጣ።

«እትዬ፣ እርስዎ መናኸሪያ ላይ ስለሆኑ ብዙ ሰው ያያሉ። ይህን ሰውዬ ያውቁት ይሆን? ገዳሪፍ ያለው ያገራችን ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አለ፤ አንዱ ካንዱ ይቀባበለዋል። ማን እንደሆነ የሚያውቅ ግን ጠፋ። ቤተሰቦቹ ይፈልጉት ይሆናል ብዬ ነው።»

እንዳለው ኮፍያውን አወለቀ። እኔ በዚህ ላይ የምለው ቀልድ አላጣሁም ነበር፤ ተውኩት።

«በአካል ያየው የለም?» አለች ባየሽ።

«ኧረ የለም፣ እትዬ። እንዲሁ በስልክ ነው።»

ስልኩን ተቀበለችው። የደረበ ስልክ ስክሪኑ ሰፊ ነው፤ ሥዕሉን ወደ ጎን ለጥጦታል። እንዳለው ትከሻው ሰፍቶ፣ ጉንጩ ሞልቶ ይስቃል። ሦስት ጊዜ አየችው።

«ወፍሯል» አለች።

ደረበ እኔን አየ። እኔ ብርጭቆዬን አየሁ።

«በደህና ጊዜው እንኳ እንዲህ አልነበረም። የሚበላ አግኝቷል ማለት ነው።» የራሷን ስልክ አውጥታ ለደረበ አቀበለችው። «ይሄን ጫንልኝ። የኔ የድሮው ነው።»