ሁለት ቀን የቀረው ግብጦ

ደቡብ አፍሪካ፣ ካትሌሆንግ ያለችው ስፓዛችን፣ ትንሿ ሱቃችን፣ ጠበበችንና የሚከራይ ቤት ፍለጋ ስንዞር፣ ምላሴ ሁለት አከራይ አስቀይሞብናል። አንዱን ጣሪያህ ያፈሳል አልኩት፤ የሌላዋን ውሻ ሰደብኩባት። ሦስተኛው ቤት በር ላይ ባሌ ክንዴን ይዞ፣ «በእናትሽ፣ ዛሬ እንኳ። ዝም አይነቅዝም» አለኝ።

ባለቤቱ ፖርቱጋላዊ ሽማግሌ ናቸው። የአትክልት መደብራቸውን ከዘጉ ወዲህ ክፍሉ ባዶ ነው፤ ግን ለማላውቀው ሰው አላከራይም እያሉ ብዙ ሰው መልሰዋል። እኛን አስቀመጡንና ስለ ክፍሉ ሳይሆን ስለ ትውልድ ከተማቸው ጀመሩ። ከተማ ይበሏት እንጂ አንድ መንገድ፣ አንድ ደወል፣ ዙሪያዋን ወይራና ባቄላ ናት። ሰው የሚታወቀው በአህያው ነው። ጠዋት ዳቦ ሻጩ ጥሩምባውን ሲነፋ ሴቶቹ በነጠላ ጫማ ይወጣሉ፤ የመንደሩ ወሬም እዚያው ያልቃል። ከአጨዳ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱ ቤት አንድ መራራ እህል ቀቅሎ በጆንያ ያስርና ጅረት ውስጥ ይዘፈዝፋል። ምሬቱ እስኪወጣ ማንም የሰው ጆንያ አይነካም።

«እስኪ ቅመሱ» ብለው ሳህን ሲያመጡ ግብጦ ሆኖ አረፈው! እኔ የጎጃም ልጅ፣ ያውም ወንዝ ዳር ግብጦ ስጠብቅ ያደግኩ። የሆሳዕና ከተማ ልጅ የሆነው ባሌ ግብጦ አያውቅምና ከነልጣጩ ያኝካል። እኔ ግን ጫፉን በጥርሴ ነከስ፣ በጣቴ ጫን አድርጌ ፍሬውን ብቻ ዋጥኩ።

«አባባ፣ ይሄኮ ገና ይመራል! ሁለት ቀን ይቀረዋል።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ባሌ ዓይኑን ጨፈነ።

ሽማግሌው አፍጥጠው አዩኝ። «ስንት ቀን የዘፈዘፍኩት ይመስልሻል?»

«አምስት።»

ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «አምስት! እዚህ አገር አርባ ዓመት እንግዳ ሁሉ ‹ይጣፍጣል› እያለኝ በሶፍት ጠቅልሎ ይደብቀዋል። በይ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ተመለሱ።»

ስለ ክፍሉ ምንም አላሉም። ባሌ ታክሲ ውስጥ እስከ ቤት ድረስ አኮረፈኝ።

ስንመለስ ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አጠገቡ ቁልፍ። «አሁንስ?» አሉኝ። የባሌ እግር እግሬን ረገጠ። ቀመስኩ፤ መጨረሻው ላይ ትንሽ ይመራል። ያንን ክፍል ምን ያህል እንደምፈልገው እግዜር ያውቃል። ልዋሽ ነበር፤ አልሆነልኝም።

«ትንሽ ይቀረዋል፣ አባባ።»

ቁልፉን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ የግብጦውን ውሃ የምትቀይሪው አንቺ ነሽ።»