ደረቅ አፈር ለልጅ አይሰጥም

ኤቢሴን ይዤ ያልዞርኩበት የስምጥ ሸለቆ ከተማ የለም። ሌላው ሰው ከባቱ ዓሣ፣ ከሞጆ ሽንኩርት ጭኖ ይመለሳል፤ እሷ አፈር ትጭናለች። አዳማ ባለ አንድ የአፈር ላቦራቶሪ ውስጥ እሷ ባለሙያ ናት፣ እኔ ሾፌር። ወንበሩ አፈር፣ ምንጣፉ አፈር። ስነጫነጭ «ምነው ጂብሪል፣ ይሄ እኮ የወንጂ ነው!» ትለኛለች፤ የወንጂ አፈር የማያቆሽሽ ይመስል።

ቁጡ ናት። አንድ ቀን የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሻይ ይዞ ወደ ናሙናዎቿ ቢጠጋ ከበር መልሳዋለች። ውሃ ጠላቷ ነው፤ ምክንያትም አላት። የምትሠራበት መሣሪያ ዓይን የማያየው ብርሃን አፈሩ ላይ ያበራና ተመልሶ የሚመጣውን ያነባል። በኬሚካል ሳምንታት የሚፈጀውን እሱ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይናገራል። መናገር ያስተማረችውም እሷው ናት፤ በኬሚካል የተመረመረ አፈር እያሳየች፣ ይህ ለም ነው፣ ይህ ኮምጣጣ ነው እያለች እንደ ሕፃን ፊደል አስቆጥራዋለች። እርጥብ አፈር ከሰጡት ግን ውሃው ብርሃኑን ይውጥበትና መቀባጠር ይጀምራል።

ባለፈው የካቲት ወደ ሁሩታ ወጣን፤ አባቷ ዘንድ። ሥራ ነው ብላኝ ነበር፣ እውነቱን የነገረችኝ መንገድ ላይ ነው። እናቷ ካረፉ ወዲህ አባቷ አቶ ጉርሜሳ የዘሩት ስንዴ እየቀጨጨ ይቀራል። «እጄ ከእናትሽ ጋር ሄደ» ብለዋታል። አምና በሰው እጅ አስዘሩ እንጂ ራሳቸው ዘር አልነኩም፤ ያም ቀጨጨና እጃቸው መሬቱንም እንዳበላሸው ቆጠሩት። ዘንድሮ ደግሞ መሬቱን ለጎረቤታቸው ለነጋሳ የእኩል ሊሰጡ ነው።

«መሬቱን ከሰጡ አባቴ አበቃላቸው፤ አውቃቸዋለሁ» አለችኝና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ያን ቀን ስለ መኪናዬ አንድም ቃል አልተነፈስኩም።

ከማሳው ከየቦታው ቆፍረው፣ ቀላቅለው፣ በፀሐይ አድርቀው እንዲያቆዩላት በስልክ ነግራቸው ነበር። ስንደርስ አቶ ጉርሜሳ ነጭ ለብሰው ከነጋሳ ጋር ደጅ ቆመዋል። አፈሩ በንጹሕ ሳፋ ቀርቧል፤ ላዩ ላይ ከወንዝ ዳር የታጨደ ለምለም ሣር ተነስንሶበታል። ኤቢሴ ሣሩን ገለጥ አድርጋ እጇን ብትሰድ አፈሩ ጭቃ ሆኗል።

«አባኮ፣ አድርቁልኝ ብዬዎት አልነበር?»

«ደርቆ ነበር እኮ ልጄ። ታዲያ ደረቅ ነገር ለልጅ ይሰጣል? ጠዋት ውሃ አርከፍክፌ መረቅሁት። ምርቃት በእርጥብ ነው።» ይህን ሲሉ ፊቷን አዩና ድምፃቸው ወረደ። «ይህንንም እጄ አበላሸው?»

እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ለአንድ ስኒ ሻይ አለቃ ያባረረች ሴት አሁን ምን ልትል እንደምትችል አውቃለሁ። እሷ ግን ተንበረከከች። ከጭቃው ቆንጥራ ግንባሯን ቀባችና «አሜን» አለች። «ይሄ ምርቃቴ ነው፤ የኔ ነው፤ ለመሣሪያ አልሰጥም። ለመሣሪያው ሌላ ይቆፍሩለት፤ በራስዎ እጅ።»

አቶ ጉርሜሳ ዶማ አንሥተው አንገራገሩ። ነጋሳ ዶማውን ሊቀበላቸው እጁን ሲዘረጋ ቁጣዋ ተመለሰ። «ተው ነጋሳ! የሚቆፍሩት አባቴ ናቸው።»

ቆፈሩ። ጓሉን በጣታቸው እየፈረፈሩ፣ ሥሩንና ጠጠሩን እየለቀሙ ላስቲክ ላይ በስሱ አሰጡት። እኛ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን፤ እሳቸው ግን ፀሐዩ ላይ ሆነው አፈሩን ሲያገላብጡ ዋሉ።

ከሰዓት በኋላ ኤቢሴ ይዛ በመጣችው መሣሪያ አነበበችው። «አፈሩ ኮምጥጧል አባኮ። አዳማ ወስጄ በኬሚካል አረጋግጠዋለሁ፤ ግን ኮምጥጧል። የስንዴ ሥር እዚህ ውስጥ አይመቸውም። የእርሻ ኖራ ነው መድኃኒቱ።»

«የኔም የላይኛው ማሳ እንዲሁ ሆኖ ነበር» አለ ነጋሳ። «አምና ኖራ ጨምሬበት ነው የተመለሰው።»

«ምነው ታዲያ ሳትነግረኝ?»

«ኦቦ ጉርሜሳ፣ የመሬትዎን ነገር ሳነሳ መቼ ያስጨርሱኛል?»

አቶ ጉርሜሳ አፈር የያዘ መዳፋቸውን ዘርግተው ያዩታል። «እጄ አይደለማ?» አሉ፣ ዓይናቸውን ከመዳፋቸው ሳያነሱ።

«አይደለም አባኮ።»

«እጄ አልነበረም» አሉ እንደገና፣ አሁን ለራሳቸው። ኤቢሴ እያለቀሰች እጃቸውን ይዛ ሳመች። እኔም፣ ምን እዋሻለሁ፣ አላስቻለኝም።

መሬቱ ለነጋሳ አልተሰጠም። በኬሚካልም ያው ሆነ፤ ኖራው ገባ። በክረምቱ መግቢያ አቶ ጉርሜሳ ዘሩን በገዛ እጃቸው ሲበትኑ ዳር ቆመን አየን። ስንዴው እንዴት እንደሚሆን ገና አይታወቅም።

ያ ጭቃ ግን አሁንም አለ። ላቦራቶሪው መስኮት ላይ፣ ከደረቁት ናሙናዎቿ ራቅ ብሎ፣ በትንሽ ጣሳ ተቀምጧል። ኤቢሴ ማንም የማያያት ሲመስላት እንዳይደርቅ ውሃ ታርከፈክፍበታለች።