ለልጄ ጉልበት የተላኩ ሽማግሌዎች

ሙሉ ልብስ ለብሰው ነጠላ ጣል ያደረጉ ሦስት ሽማግሌዎች አንድ ላይ ሳይ እስከ ዛሬ ያቅለሸልሸኛል። ለሠርግም ይሁን ለዕርቅ ይምጡ፣ ለኔ ያው ናቸው።

ነገሩ የሆነው እንደ ፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ከገባ በኋላ ነው። አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ ውስጥ፣ ከፒዮሪያ ስትሪት ወረድ ብሎ ባለ አፓርትመንት እንኖር ነበር። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ የነበረችው ልጄ በቁመት አባቷን አልፋ ለአንድ የልጃገረዶች ክለብ ቅርጫት ኳስ ትጫወት ነበር። አሠልጣኟ ሰርቢያዊ ነው። በአገሩ ስመ ጥር ተጫዋች ነበር ይባላል፤ እኔ ግን ገና ሳየው ይቀፈኝ ነበር። አንድ እግሩን ይጎትታል። የሱፍ ፍሬ በጥርሱ እየፈለቀቀ ገለባውን ወረቀት ኩባያ ውስጥ እንትፍ ይላል፤ ኩባያውን እንደያዘ ልጆቹ ላይ ይጮኻል። ጂሙ ራሱ የእርጥብ ካልሲና የቀለጠ ቺዝ ሽታ ነበረው። ይሄ ሰውዬ ልጄን ምን ሊያስተምራት ነው እያልኩ አፍንጫዬን ይዤ እቀመጥ ነበር።

አንድ ቀን ልምምዱን አስቁሞ ጠራኝ። ልጄ ዘላ ስታርፍ ክብደቷን ሁሉ በአንድ እግሯ ላይ እንደምትጥል አይቷል። "ሐኪም ጋ ውሰጃት፤ እስከዚያ አላጫውታትም" አለኝ። ሐኪሙም የጉልበቷ ጅማት መጎዳቱን፣ ካላረፈች ሊበጠስ እንደሚችል ነገረን። እኔ ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን መጦሪያ ነው የምሠራው። ጉልበታቸው ያለቀ ሰዎችን ከአልጋ ወደ ወንበር ሳነሳ ነው የምውለው። ለሰውዬው የሱፍ ገለባውን ያን ቀን ይቅር አልኩት።

ባሌ ግን አበደ። ለቅዳሜው ጨዋታ ከአንድ ኮሌጅ ተጫዋች የሚመለምሉ ሰዎች ይመጣሉ ተብሎ ነበር።

"ቤንች ላይ አስቀምጧት ስኮላርሺፑ ሊያመልጠን ነው እንዴ?" አለ።

"ሐኪሙ ያለውን ሰምተሃል።"

"አንድ ጌም እኮ ነው! ሽማግሌ እልክበታለሁ።"

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ግን ሦስቱ ፓርኪንጉ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ትልቁን ሽማግሌ ባሌ እንደ አባት ነው የሚያያቸው፤ ሁለቱ የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቻቸው ናቸው። አንዱ በወርቃማ ከረጢት ውስኪ ይዘዋል። "እንግሊዝኛው ያንቺ ይሻላል" ብሎ ባሌ አስተርጓሚ አደረገኝ። እሺ አልኩ። የሄድኩት ሰርቡ እንቢ ሲላቸው ለማየት ነው።

ቤቱ ካፒቶል ሂል በሚባል ሰፈር፣ ሊፍት በሌለው አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሽማግሌዎቹ እያለከለኩ ወጡ። ሰውዬው ቁምጣ ለብሶ፣ ጉልበቱ ላይ በረዶ አስሮ ከፈተልን። ተቀመጡ አለ።

ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የመጣንበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አንቀመጥም" አሉ። ሴት ልጅ ሊጠይቁ የሄዱ ይመስል! አፍሬ መሬት መሬቱን እያየሁ ተረጎምኩ።

"እንደፈለጉ፤ እኔ መቆም አልችልም" ብሎ ቁጭ አለና እግሩን ሌላ ወንበር ላይ ሰቀለ።

ሽማግሌው ንግግራቸውን ጀመሩ። ልጅቷ የሁላችንም ልጅ ናት፣ ያንተም ልጅ ናት፣ ለአንድ ቀን ብቻ ብለህ አታሳፍረን። የሁላችንም ልጅ! ጉልበቷን እንዴት እንዳደረጋት አንዳቸውም ጠይቀው አያውቁም። ቃላቸው አፌ ውስጥ እንደ ኮመጠጠ ወተት ሆነብኝ፤ ሆኖም አንድም ሳላስቀር አስተላለፍኩለት።

ሰውዬው ውስኪውን ትኩር ብሎ አየና፣ "እኔም ቤት መጥተው ነበር" አለ።

በአገሩ ተጫዋች ሳለ ነው። ለፍጻሜ ጨዋታ ጥቂት ሲቀረው ጉልበቱ አብጦ ተኝቶ ሳለ የክለቡ ሊቀ መንበርና የሰፈሩ ቄስ የፕለም አረቄ ይዘው ወላጆቹ ቤት መጡ። በሩን የከፈቱላቸው አባቱ ናቸው። አባቱ እያዩት እንቢ ማለት አልቻለም። ገባ፤ ጨዋታው ሳያልቅ ጉልበቱ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ፤ ተጫዋችነቱ በዚያው አበቃ። ከዚያ በኋላ በየትንንሹ ከተማ ሕፃናት አሠለጠነ፤ አገሩ ሲበጣጠስ አሜሪካ መጣ። ቀን ቀን የወለል ንጣፍ እየሠራ ማታ ማታ የኛን ልጆች ያሠለጥናል። "ሊቀ መንበሩ ሆስፒታል እንኳ አልመጣም" አለና አረቄውን ሰደበው።

ተረጎምኩ። ትልቁ ሽማግሌ ከንፈራቸውን መጠጡ። "አይ ወንድሜን! እግዚአብሔር ይማርህ" አሉ፤ ትንሽ ቆየት ብለውም፣ "ለቅዳሜ ብቻ ግን እሺ በለን።"

ከዚያ ቤት ሮጬ ብወጣ በወደድኩ። ሰው እንዴት የሌላውን ቁስል ሰምቶ፣ አዝኖ፣ እዚያው ያንኑ ይጠይቃል?

"ኖ" አለ ሰውዬው። መተርጎም አላስፈለገውም። ሽማግሌዎቹ ደረጃውን ወረዱ፤ ውስኪውንም ይዘውት ወረዱ።

በማግስቱ ከባሌ ጋር ሆነው የክለቡ ባለቤት ጋ ሄዱ። ባለቤቱ ወላጅ ማስቀየም የማይወድ ሰው ነው፤ ሰርቡን ዕለቱን አሰናበተው። ከተጫዋችነቱ ሽማግሌ አስወጣው፤ ከአሠልጣኝነቱም ሽማግሌ አስወጣው። በኋላ ሞንትቤሎ የሚባል ሰፈር ውስጥ የሕፃናት ቡድን አገኘ። ልጄም ሲሻላት እዚያው ተከትላው ሄደች።

ያን ዓርብ ግን የሰማሁትን ታሪክ ለልጄ ከነስድቡ ነገርኳት።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹና ባሌ ከፊት ተደርድረው ተቀመጡ። ምክትል የነበረው አሠልጣኝ ልጄን ግቢ አላት። ከቤንቹ አልተነሳችም።

"ኖ። ማይ ኒ ኢዝ ኸርት" አለችው፤ ጉልበቴ ተጎድቷል ማለቷ ነው።

"ተነሽ!" ብሎ ባሌ ጮኸ። ጂሙ ሁሉ ዞረ። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ጫነችና ቁጭ እንዳለች ቀረች። "ምን ዓይነት ባለጌ ናት!" አሉ ትልቁ ሽማግሌ። እኔ ከኋላቸው፣ "እሰይ!" አልኩ፣ ሰው ይስማኝ አይስማኝ ግድ ሳይሰጠኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በራችን ተንኳኳ። ሦስቱም በዚያው ልብሳቸው ቆመዋል። ልጅቷ አባቷን በአደባባይ አዋርዳለች፤ ወድቃ፣ ጉልበቱን ስማ ይቅርታ ትጠይቅ አሉ። በዚያ እግሯ ተንበርክካ! ባሌ ሶፋው ላይ ሆኖ ጣሪያ ጣሪያ ያያል።

"ይሄ እሺ ሳይባል አንቀመጥም" አሉ ትልቁ።

"እንግዲያው ቁሙ" አልኳቸው። በሩን ክፍት ትቼ ገባሁና የልጄን ጉልበት በረዶ ቀየርኩላት።